ሁለቱ የቤት ሥራዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ስለ እንግሊዝኛ ሲነሣ ብዙ ሰው ስለ ሩቅ አገርና ስለ ትልቅ መሥሪያ ቤት የምንናገር ይመስለው ይሆናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ከዚህ ሁሉ የቀረበ ነው። ስለ ምድጃ፣ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ውኃ ጀሪካንና ስለ ቤተ ዘመድ እንናገራለን። ይኸውም የቤትን፣ የቤት ውስጥ ሥራንና የቤተሰብን ስሞች በእንግሊዝኛ ስንማር ያገኘነውንና ያስተዋልነውን ለመግለጽ ነው።

ርእሱ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን እንደሚታወቀው በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልገባው ተማሪ የሚያጣው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ታሪኩንም፣ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም ነው። ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ሲያስታውቅ ሁላችንም ሰምተናል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋው ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለንም።

ታዲያ አንድን ቋንቋ ከወዴት መጀመር ይገባል? ሕፃን አፉን የሚፈታው «እማዬ» ብሎ፣ «ውኃ» ብሎ፣ «እንጀራ» ብሎ ነው። ቋንቋ ከእናት ጉልበትና ከምድጃ ዳር ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ አገር ይሰፋል። እንግሊዝኛን የምንማረው ግን ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው ወደ መሠረቱ ነው። ከመርሳ ወይም ከሲሪንቃ የመጣ ተማሪ ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በእንግሊዝኛ አሳምሮ ይጽፋል፤ ያው ተማሪ «እናቴ ዱቄት እየነፋች ነው» ለማለት ሲፈልግ ግን ቃሉ ይጠፋዋል። ወደ ቤት ያልገባ ቋንቋ እንግዳ ነው፤ እንግዳም ሰንብቶ መሄዱ አይቀርም። ፈተናው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል።

እንግዳ ቃል ተቀብሎ ቤተኛ ማድረግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በወልድያ ከተማ አንድ ቤት ገብተን ዕቃውን በየስሙ ብንጠራ፣ ጠረጴዛው ከግሪክ፣ ሲኒው ከዐረብ፣ ሳሎኑ ከፈረንሳይ፣ ፎርኔሎው፣ ኮሞዲኖው፣ ላቫንዲኖውና ባኞው ከጣሊያን የመጡ ቃላት ሆነው እናገኛቸዋለን። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ ይሰማ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ነው። እናቶቻችን ፎርኔሎ የሚለውን ቃል የያዙት በደብተር ጽፈው አይደለም፤ ከሰሉን እያቀጣጠሉ፣ ጀበናውን እየጣዱ ነው። እጅ የለመደውን ቃል ልብ አይረሳውም።

በዚህ ረገድ ባለውለታችን የሆኑ አንድ የወሎ ሰው ስም ማንሣት ይገባናል። በደሴ የተወለዱት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሞ የብዙ ተማሪዎች መመሪያ ሆኗል። በዚያው ዓመት የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። የሌስላው መጽሐፍ እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ያሳያል። ከዚህም አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ቃል ብቻውን ሲሸመደድ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው፤ በዐረፍተ ነገር ሲያዝ ግን እንደ ተጋገረ እንጀራ ይነሣል።

እንግዲህ በቅድሚያ ወደ ቤተሰብ ስሞች እንምጣ። እኛ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ እያልን በየወገኑ የምንለየውን ዘመድ እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድነት «ካዝን» ይለዋል። «ካዝን» ወንድም ይሁን ሴት፣ በአባት በኩል ይሁን በእናት በኩል፣ ቃሉ አይገልጽም። አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ለባል ወንድም ደግሞ ዋርሳ እያልን ለየብቻ የሰየምናቸውን የጋብቻ ዘመዶች እንግሊዝኛ እናት፣ አባት፣ ወንድም በሚለው ስም ላይ «ኢን ሎው»፣ ማለት «በሕግ» የሚል ቃል እየጨመረ ይጠራቸዋል። እንግሊዛዊው ታላቅ ወንድሙን በስሙ ይጠራዋል፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ ሳንል ታላላቆቻችንን መጥራት ነውር ይመስለናል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የምንለውም በእንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብቻ ነው። በመምህርና በተማሪ፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል አንድ ቃል ይበቃል። አክብሮቱ ግን አልጠፋም፤ በድምፅ ቃናና በትሕትና ቃላት ይገለጣል።

ስለዚህ ተማሪ ቃል ሲተረጉም መጠንቀቅ አለበት። በሐብሩ እንደሚታየው ሁሉ፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚኖርበት የወሎ ቤት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ያለውን፣ አባት እናትና ሁለት ልጆች ብቻ የሚታዩበትን ቤት አይመስልም። በእኛ ቤት አያት አለች፤ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የእኅት ልጅ አለ፤ ጎረቤትም እንደ ዘመድ ነው። ተማሪው የመጽሐፉን ቤተሰብ ብቻ ሸምድዶ የራሱን ቤተሰብ መግለጽ ካልቻለ፣ ቃሉን አወቀ እንጂ ቋንቋውን አልያዘም።

የቃላት ምንጭም ብዙ ያስተምራል። «ፋሚሊ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ አገልጋይ የሚል ትርጉም አለው፤ በጥንቱ ሮማውያን ዘንድ ቃሉ በአንድ ጌታ ሥር የሚያድሩትን ሁሉ፣ አገልጋዮቹን ጭምር ያመለክት ነበር። ዛሬ የከበረች ሴት የምትጠራበት «ሌዲ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዳቦ የምታቦካ ማለት ነበር። «ሎርድ» የሚባለው ጌታ ደግሞ የዳቦው ጠባቂ ማለት ነበር። እንግዲህ አንዷ ታቦካለች፤ አንዱ ይጠብቃል። የሥራው ክፍፍል በቃሉ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ዛሬ ይታያል።

የእኛ አማርኛ በዚህ ነገር የሚያኮራ ቃል አለው። ባል ስለ ሚስቱ ሲናገር «ባለቤቴ» ይላል፤ ሚስትም ስለ ባሏ ስትናገር «ባለቤቴ» ትላለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱም የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን ይመሰክራል። ቤቱ የሁለቱም ከሆነ የቤቱ ሥራስ የማን ሊሆን ነው? ይህን ጥያቄ ለጊዜው አቆይተን ወደ ሥራው ስሞች እንለፍ።

ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ሲሆን አማርኛ ሀብታም ነው። ልጅ ይታዘላል፣ እንጨት ይሸከሙታል፣ ሕፃን ይታቀፋል፤ እንግሊዝኛ ግን ለሦስቱም «ኬሪ» የሚለውን አንድ ቃል ሊጠቀም ይችላል። በሌላ ወገን እንግሊዝኛ የሚያስደንቅ ቁጠባ አለው። «ፌች» የሚለው አጭር ቃል ሄዶ፣ አንሥቶ፣ ይዞ መመለስን በአንድነት ይይዛል። ውኃ ለመቅዳት የሄደች ልጅ መንገዱም፣ ወረፋው ጋር የቆመችበት ጊዜም፣ ሸክሙም፣ መመለሷም በዚህ አንድ ቃል ተጠቅልሎ ይቀራል። ማቡካት «ኒድ» ይባላል፤ ሲጻፍ በመጀመሪያው ላይ የማይነበብ ፊደል ስላለው በጽሑፍ ብዙ ተማሪ ይሳሳትበታል፤ ሲሰማም «ያስፈልጋል» ከሚለው «ኒድ» ጋር አንድ ድምፅ አለው። መንፋት «ሲፍት»፣ መጥረግ «ስዊፕ» ነው። ምጣድን፣ ሞሰብንና እንጀራን ግን በራሳቸው ስም መጥራት ይሻላል፤ በእንግሊዝ ቤት የሌለ ዕቃ የእንግሊዝ ስም ሊኖረው አይችልምና።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪን የሚያስቸግሩት «ዱ» እና «ሜክ» የተባሉት ሁለት ግሶች ናቸው። ሁለቱም በአማርኛ መሥራት ወይም ማድረግ ተብለው ይተረጎማሉ። በጠቅላላው ሲታይ «ሜክ» የሚባለው አንድ አዲስ ነገር ሲወጣ ነው፤ ሻይ ሲፈላ፣ ዳቦ ሲዘጋጅ፣ ልብስ ሲሰፋ። «ዱ» የሚባለው ደግሞ ሥራው ተሠርቶ አዲስ ነገር ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ዕቃ ማጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ልብስ መተኮስ፣ ገበያ ወጥቶ መግዛት። አልጋ ማንጠፍን «ሜክ ዘ ቤድ» ማለታቸው ከዚህ ደንብ ወጣ ያለ ስለሆነ እንዲሁ መያዝ አለበት፤ አናጺው አልጋ ሠራ ማለት አይደለም።

ይህን ደንብ ስንማር አንድ ነገር አስተዋልን። «ዱ» የሚባለው ሥራ ሲሠራ አይታይም፤ ሲቀር ግን ወዲያው ይታያል። የታጠበ ሳሕን ተመልሶ ይበላበታል፤ የተጠረገ ቤት ተመልሶ ይቆሽሻል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ማንም «ማን ሠራው?» ብሎ አይጠይቅም። ባይጠረግ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ የሚቀጥለው መልመጃ ገለጠልን።

በእንግሊዝኛ ትምህርት ሁልጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ከቶ የሚሉትን ቃላት ለመለማመድ ስለ ቤታችን እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ጻፍን። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳ ማን ነው? ሊጥ የሚያቦካ ማን ነው? ዕቃ የሚያጥብ፣ ሕፃን የሚያዝል፣ ሽሮ የሚነፋ፣ ቡና የሚቆላ ማን ነው? እያንዳንዳችን መልሱን በእንግሊዝኛ ጽፈን በየተራ አነበብን። «ኦልወይስ»፣ ማለት ሁልጊዜ የሚለው ቃል ከእናትና ከእኅት ስም ጋር ተጣብቆ ተገኘ። «ኔቨር»፣ ማለት ከቶ የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወንድም ስም ጋር ነበር። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ፊደሉም ትክክል ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲነበቡ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። በአማርኛ በየዕለቱ እያየን የማናስተውለውን ነገር በባዕድ ቋንቋ ቀስ ብለን ስንጽፈው ታየን።

አሁን ወደ ንግግራችን ርእስ ደርሰናል። በእንግሊዝኛ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው ጥያቄ «ሆምወርክ» ይባላል። መጥረጉ፣ ማጠቡ፣ ማብሰሉ ደግሞ «ሃውስወርክ» ይባላል። ሁለት ቃል፣ ሁለት ሥራ ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱም የቤት ሥራ ነው። አንዳንዱ ለመለየት ሲል የቤት ውስጥ ሥራ ይላል፤ በየዕለቱ ንግግራችን ግን የቤት ሥራ የሚለው ስም ለሁለቱም ይሠራል። ከአንድ ቤት ወጥተው ከአንድ ክፍል የሚማሩ ወንድምና እኅት ማታ ሲገናኙ፣ ወንድም «የቤት ሥራ አለብኝ» ቢል ደብተሩን ማለቱ ነው፤ እኅት «የቤት ሥራ አለብኝ» ብትል እናት የምትረዳው ምጣዱን ነው። ሁለቱ ያሉት አንድ ቃል ነው፤ የሚያገኙት ፈቃድ ግን የተለያየ ነው። ለእርሱ መብራቱ ይቀርብለታል፤ ለእርሷ ምጣዱ ይጣድላታል።

እንደ ደንቡ መምህሩ የሚሰጠው የቤት ሥራ ለሁለቱም እኩል ነው። ጠዋት ሲታረም ግን እኩል ሆኖ አይገኝም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀሪካኑን ይዛ ትወርዳለች፤ ተመልሳ እሳት ታያይዛለች፤ ታናናሾቿን ታበላለች፤ ዕቃ ታጥባለች፤ ለነገ ታቦካለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። በዚያ ሰዓት ዓይን እንጂ ልብ አያነብም። በሚቀጥለው ቀን «ለምን አልሠራሽም?» ስትባል «የቤት ሥራ ስለ ነበረብኝ» ብላ ብትመልስ ክፍሉ ይስቅባታል። መልሷ ግን ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛ መልስ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት የቤት ሥራ ተሰጥቷታል፤ የተፈተነችው ግን በአንዱ ብቻ ነው። በሌላው ያገኘችውን ውጤት የሚመዘግብላት መዝገብ የለም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ይህን ስንል ሥራ ቅጣት ነው ማለታችን እንዳልሆነ እንድትረዱልን እንለምናለን። ሥራ የማያውቅ ልጅ ለራሱም ለአገሩም አይበጅም። እናቶቻችንም ሴት ልጃቸውን የሚያዝዙት ጠልተው አይደለም፤ እነርሱም ከጎሕ እስከ እኩለ ሌሊት የሚደክሙ ስለ ሆነ የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ። ወንዶቹም ሥራ ፈት አይደሉም። በሐብሩ ቆላ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቀው፣ ከብት የሚያግደው፣ በጊራና መስኖ ሽንኩርት የሚኮተኩተው ወንድ ልጅ ነው። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ብዙ ወንድ ልጅንም ከትምህርት ገበታው ያስቀራል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የወፍ ጠባቂው ሥራ ፀሐይ ስትገባ ያበቃል፤ አዝመራውም ሲሰበሰብ ያበቃል። የቤቱ ሥራ ግን ፀሐይ ስትገባ ይጀምራል፤ ክረምትና በጋም አይለይም። ደብተር የሚከፈትበት ሰዓትም ያው ማታ ነው።

ሰሚው «ይህ ሁሉ ከእንግሊዝኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። ይገናኛል። ቋንቋ ጊዜ ይፈልጋል። ሒሳብን አንድ ጊዜ የገባው ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ቋንቋ ግን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ካልተሰማ፣ ካልተነበበና ካልተነገረ ይደርቃል። አንድ ሰዓት በየማታው የምታጣ ልጅ በአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ ከአንድ ሺሕ ሰዓት በላይ ታጣለች። 365 ሌሊትን በአራት ብናባዛ 1,460 ይሆናልና። ሁለተኛ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ የሌለው ቤት እንኳ ይህን አንድ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል።

ስለ ቤት ስንናገር ሌላም ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። አማርኛ ቤት የሚለውን እንግሊዝኛ በሁለት ይከፍለዋል። «ሃውስ» ድንጋዩ፣ ጭቃውና ቆርቆሮው ነው። «ሆም» ግን ሰው የሚመለስበት፣ የሚናፍቀው፣ የእኔ የሚለው ነው። በመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ልዩነቱ በቶሎ ላይገባን ይችል ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ 120 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ደሴና ከዚያም አልፎ ተሰደደ። የሸሸው ሰው ቆርቆሮውን ትቶ ሄደ፤ በሄደበት ግን እናት ሦስት ጉልቻ ለቅማ፣ እሳት ጭራ፣ ልጆቿን ሰብስባ አበላች። በዚያም «ሆም» ተተከለ። «ሃውስ»ን ግንበኛ ይሠራዋል፤ «ሆም»ን የሚሠራው ያ የማይታየው፣ በየቀኑ የሚደገመው የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ ትንሽ ሥራ ነው የሚል ሰው ቤት ምን እንደ ሆነ አላወቀም። ክቡር ሥራ ከሆነ ደግሞ ክብሩንም ድካሙንም ሁሉ ሊካፈለው ይገባል።

እንግዲህ ያየነውን ተናግረን ብቻ እንዳንቀር ጥቂት አሳብ እናቀርባለን።

ለተማሪዎች፦ የቤታችሁን ዕቃ ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በየዕቃው ላይ ለጥፉ፤ በበሩ፣ በወንበሩ፣ በባልዲው፣ በመጥረጊያው። ቃሉን ግን በማየት ብቻ አትለፉት፤ ዕቃውን ስታነሡ ስሙን በድምፅ ተናገሩ፤ ከዚያም የምትሠሩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጡት። ወለል የሚጠርግ ተማሪ «ወለል እየጠረግሁ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢናገር፣ ቃሉንም፣ ግሱንም፣ የአሁኑን ጊዜ አነጋገርም በአንድ ጊዜ ይማራል። ወንድሞቻችን ሆይ፤ ይህን መልመጃ መጥረጊያ ሳይዙ መሥራት አይቻልም። «ስዊፕ» የሚለውን ቃል የማይረሳው የጠረገ ሰው ነው። ስለዚህ እኅቱን የሚያግዝ ወንድም ሁለት ዋጋ ያገኛል፤ እርሱ ቃሉን ይይዛል፤ እርሷ ሰዓቱን ታገኛለች።

ለወላጆች፦ እንግሊዝኛ ባታውቁም ልጆቻችሁን ልታስተምሩ ትችላላችሁ። ማታ ቡና ሲፈላ «ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሲኒውን አንሡ፣ ረከቦቱን አሳዩ፣ አያትን፣ አክስትን፣ ምራትን እያመለከታችሁ ስማቸውን አስጠሯቸው። ልጅ ለወላጁ ሲያስረዳ የራሱ ትምህርት ይጠናለታል። ከዚህም ጋር በየማታው አንድ ሰዓት የደብተር ሰዓት ተብሎ እንዲለይ፣ በዚያም ሰዓት ሴት ልጅም ወንድ ልጅም እንዳይታዘዝ እንለምናለን። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉም ይካፈለው። ወንድ ልጅ ዕቃ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቤተሰቡ ርቆ ሲኖር ልብሱን የሚያጥብለት ማን ነው?

ለመምህሮቻችን፦ መጽሐፉ ያቀረበውን ቤት ካስተማራችሁን በኋላ የእኛንም ቤት እንድንጽፍ ዕድል ስጡን። በመጽሐፉ ያለውን የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ስም ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሽላ፣ ወንፊት፣ እበት፣ ጀሪካን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ወይም እንዴት እንደሚገለጡ ብናውቅ ስለ ራሳችን ለመናገር እንችላለን። ደግሞም የቤት ሥራ ያልሠራች ልጅ ስትገኝ ከመቅጣት በፊት «የትኛውን የቤት ሥራ ስትሠሪ አመሸሽ?» ብሎ መጠየቅ ፍርድን ያቀናል።

በመጨረሻም አንድ ቃል እንጨምር። እንግሊዝኛን የምንማረው የራሳችንን ቤት ንቀን የሰው ቤት ለመመኘት አይደለም። የውጭ ቋንቋ ጥቅሙ በሌላ መስኮት ወደ ራስ ቤት እንድንመለከት ማድረጉ ነው። በዚያ መስኮት ስንመለከት መልካሙንም አየን፤ ጋሼና እትዬ የምንባባልበትን አክብሮት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጥበትን ዝምድና አየን። መታረም ያለበትንም አየን፤ አንድ ስም ያላቸውን፣ ግን በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ የወደቁትን ሁለቱን የቤት ሥራዎች አየን።

በሚመጣው ዓመት ይኸው መልመጃ ለታናናሾቻችን ይሰጣል። በዚያን ጊዜ «ኦልወይስ» የሚለው ቃል ከእናትና ከእኅት ስም ወረድ ብሎ፣ «ሰምታይምስ» የሚለው በወንድምም በአባትም ስም ላይ ቢጻፍ፣ እንግሊዝኛችን ብቻ ሳይሆን ቤታችንም ተሻሻለ እንላለን።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ያሳድግልን፤ ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን በጤና ያቆይልን።